ጥቅስ ለቃል እማኝ ነው
ከይፋት በር እስከ ኮምፒዩተር መዝገበ ቃላት

እ.ኤ.አ. በ1839 ዓ.ም. ኢዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉ ሁለት ሚሲዮናውያን ከታጁራ ተነሥተው የአፋርን በረሓ አቋረጡ፤ የሸዋ መግቢያ በር በነበረችው በፋሬ በኩልም ከይፋት ቆላ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት ወጡ። ኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1841 ዓ.ም. በሎንዶን ሲያሳትም ለቃል እማኝ አድርጎ የሚጠቅሰው የአማርኛ ልብ ወለድ ገና አልተጻፈም ነበር። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በሮም የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ ወዲህ የአገር ሊቃውንት ታላላቅ መዛግብተ ቃላት አበርክተዋል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ ሥራ በ1948 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. ለንባብ በቁ። በመካከሉ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ፤ የሥነ ጽሑፉም ጎተራ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሞላ። በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ተብሎ የታወቀው መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. ከ1857 ዓ.ም. ጀምሮ አንባቢያን በወረቀት ቁራጭ እየገለበጡ በላኳቸው ጥቅሶች ላይ የተገነባ ነው፤ የመጨረሻው ክፍል የወጣው በ1928 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ሥራ እያንዳንዱ ጥቅስ ዘመኑን፣ ደራሲውንና የመጽሐፉን ስም ይዞ ይቆማል።

ዛሬ መዝገበ ቃላት ወደ ኮምፒዩተር መረብ ሲገባ የጥቅስ አቀራረብ ሥርዐት ዋና ጉዳይ ይሆናል። የአማርኛ ግሥ በመዝገቡ ላይ «ፈለገ» ተብሎ ይሰፍራል፤ በድርሰት ውስጥ ግን «እንድትፈልጊው» ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የተፈለገው ቃል በጥቅሱ ውስጥ በደማቅ ፊደል ሊለይ፣ ጥቅሱም ከፍቺው ተነጥሎ በራሱ መስመር ሊቀመጥ ይገባል። «ሠ» በ«ሰ»፣ «ፀ» በ«ጸ» ዝም ብሎ ሊለወጥ አይገባም፤ ኮምፒዩተሩ በሁለቱም ፊደል ፈልጎ እንዲያገኝ ማድረግ ይቻላልና። የተዘለለ ሐረግ በነጠብጣብ ይታወቅ። ገጽ ከኅትመት ኅትመት ስለሚለያይ የኅትመቱ ዘመን ይጻፍ፤ የዘመን አቈጣጠሩም የኢትዮጵያ ይሁን የአውሮፓ ይገለጥ። ተናጋሪው ተራኪው ይሁን ገጸ ባሕርይ መታወቁም ይጠቅማል፤ ገጸ ባሕርይ ደራሲው በራሱ አንደበት የማይናገረውን ቃል ሊናገር ይችላልና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የእማኙ አገር ነው። አፈወርቅ የዘጌ፣ ሐዲስ የጎጃም ተወላጅ ናቸው፤ ከእነርሱ ብቻ የሚጠቅስ መዝገብ የይፋትን አንደበት ሊሰማ አይችልም። ሸዋ ሮቢት ከደብረ ሲና ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የቆመች ከተማ ናት። በዚያ ቆላ አማራ፣ አርጎባ፣ አፋርና ኦሮሞ በገበያ ይገናኛሉ፤ ቃልም ከሸቀጥ ጋር ይለዋወጣል። የአማርኛ የቅርብ ዘመድ የሆነው አርጎብኛ ብዙ ተናጋሪዎቹ ወደ አማርኛ ስላዘነበሉ፣ በአንደበታቸው የቀረው ቃል ሳይጻፍ ሊጠፋ የሚችል ቅርስ ነው።

እንግዲህ ልብ ወለድ እማኝ ሲሆን የአገር ሽማግሌም እማኝ ይሁን። የቆላው ቃል በተነገረበት ቀበሌና ዘመን ተመዝግቦ ከታላላቅ ድርሰቶች ጥቅስ አጠገብ፣ በዚያው ሥርዐት፣ ሊሰፍር ይገባል። የይፋት መምህርና የኪነት ሰው ለዚህ ሥራ ከሌላው ሁሉ ይቀርባሉ፤ ቃሉን በየዕለቱ የሚሰሙት እነርሱ ናቸውና።