መሄጃ ያጣች መንኮራኩር፦ በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ የጠፈር አስፈሪ ፊልሞች፣ ኢትዮጵያና የጅማ የቡና ከተሞች

በጠፈር መርከብ ውስጥ የሚካሄዱ አስፈሪ ፊልሞች ቅርጻቸውን ያገኙት በትልልቅ ስቱዲዮዎች ሳይሆን ገንዘብ በቸገራቸው አምራቾች እጅ ነው። የታሪኩ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። መንኮራኩሯ ትበላሻለች፣ ወይም በማይታወቅ ፕላኔት ላይ ትወድቃለች፤ ተሳፋሪዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ደራሽ የለም፤ በውስጧ ደግሞ ምንነቱ ያልታወቀ ፍጡር ገብቷል። እንዲህ ያለ መነሻ ለድሃ ዳይሬክተር ይመቻል። አንድ የተዘጋ ቦታ ይበቃዋል፣ ጥቂት ተዋንያን ይበቁታል፤ ፍጡሩ በጨለማ ውስጥ ከቆየ ደግሞ የለበሰው ጎማ መሆኑ አይጋለጥም። በገንዘብ እጦት ሊታይ ያልቻለው ነገር በታሪኩ ውስጥም መታየት የሌለበት ይሆናል፤ ተመልካቹን የሚያስፈራውም ይኸው ያልታየው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1958 ኤድዋርድ ካን ያዘጋጀው «ኢት! ዘ ቴረር ፍሮም ቢዮንድ ስፔስ» ለዚህ ዘውግ መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው። ከማርስ በምትመለስ መንኮራኩር ውስጥ የተደበቀ ፍጡር ከታችኛው ወለል ጀምሮ ወደ ላይ እየሰበረ ይወጣል፤ ሰዎቹም አንድ አንድ ወለል እየለቀቁ ይሸሻሉ። የመጨረሻው ወለል ላይ ሲደርሱ መሸሻ ስለማይኖር የመርከቧን አየር አስወጥተው ይገድሉታል። አየር የጠላትም የወገንም ሕይወት የሆነበት ይህ መፍትሔ በኋላ በብዙ ፊልሞች ተደጋግሟል።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ግን ጣሊያናዊው ማሪዮ ባቫ በ1965 የሠራው «ቴሮሬ ኔሎ ስፓዚዮ» ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም የሚታወቀው «ፕላኔት ኦፍ ዘ ቫምፓየርስ» በሚል ርዕስ ነው። ሁለት መንኮራኩሮች የእርዳታ ጥሪ ተከትለው አንድ ጭጋጋማ ፕላኔት ላይ ያርፋሉ፤ የሞቱት ባልደረቦች ከመቃብር ይነሣሉ፤ የፕላኔቱ ነዋሪዎች የሰዎቹን አካል ለመውረስ ይሻሉ። ባቫ ዳይሬክተር ከመሆኑ በፊት የካሜራ ባለሙያ ነበርና አንድን ፕላኔት በሙሉ ከሁለት የፕላስቲክ ቋጥኞች፣ ከመስታወት፣ ከባለቀለም መብራትና ከጭስ ፈጠረ። ጭሱ የስቱዲዮውን ባዶነት ሸፈነ፣ መስታወቱ ሁለቱን ቋጥኝ አበዛቸው። ተዋንያኑ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ስለነበሩ እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋ ይናገር ነበር፤ ድምፁ በኋላ ተተክቷል። ሰዎቹ በፕላኔቱ ላይ ከጥንት የወደቀች ሌላ መርከብና የግዙፍ ፍጡራን አጽም የሚያገኙበት ትዕይንት ከ14 ዓመት በኋላ በወጣው «ኤሊየን» ውስጥ ካለው ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል።

«ኤሊየን» ራሱ ከድህነት የተወለደ ሐሳብ ነው። ጆን ካርፔንተርና ዳን ኦባነን ተማሪዎች ሳሉ የጀመሩት «ዳርክ ስታር» በ1974 ለሕዝብ የቀረበው 60,000 ዶላር ገደማ ወጥቶበት ነው። የማይረጉ ፕላኔቶችን ለማፈንዳት ተልከው ለዓመታት በጠፈር የሚንከራተቱ ወንዶችን ያሳያል፤ በመርከቧ ውስጥ ያለው ባዕድ ፍጡር ጥፍር የተገጠመለት ትልቅ የባሕር ዳርቻ ኳስ ነበር። ፊልሙ አስቂኝ ነው። ኦባነን ያንኑ መነሻ በእውነት የሚያስፈራ አድርጎ ለመጻፍ ወሰነ፤ ከሮናልድ ሹሴት ጋር የደከመበት ጽሑፍ በሪድሊ ስኮት እጅ በ1979 «ኤሊየን» ሆነ። የኳሱ ፍጡር ያላስፈራው ከልክ በላይ ስለታየ ነው፤ በ«ኤሊየን» ውስጥ ግን ፍጡሩ ለረጅም ጊዜ በጥላ ብቻ ይመላለሳል። ሮጀር ኮርማን በ1981 ያመረተው «ጋላክሲ ኦፍ ቴረር» ወደ ርካሹ መንገድ ተመለሰ። ያኔ ወጣት የነበረው ጄምስ ካሜሮን ለመርከቧ ግድግዳ ጌጥ የምግብ ማሸጊያ ስታይሮፎም ሣጥኖችን ተጠቀመ፤ ያው የመርከብ ግንባታ በማግሥቱ ዓመት ለ«ፎርቢድን ወርልድ» ዳግም አገለገለ።

በኢትዮጵያ የዚህ ዘውግ የቅርብ ዘመድ የሆነው በአዲስ አበባ ይኖር የነበረው ስፔናዊ ሚጌል ያንሶ ያዘጋጀው «ክራምብስ» ነው። በ2015 በሮተርዳም የፊልም ፌስቲቫል ቀረበ፤ ርዝመቱ 68 ደቂቃ ነው፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይተውኑበታል። ታሪኩ ከታላቅ ጥፋት በኋላ ባለች ምድር ላይ ይሄዳል። ከሰማይ ላይ አንዲት ግዙፍ መንኮራኩር ለዘመናት ተንጠልጥላ ኖራለች፤ አትወርድም፣ አትሄድም። ከዚህ ዓለም የመጣ አይደለሁም ብሎ የሚያምነው ካንዲ ከወዳጁ በርዲ ጋር በተተወ የቦውሊንግ መጫወቻ ቤት ይኖራል፤ መንኮራኩሯ እንደገና የመነቃቃት ምልክት ስታሳይ ወደ እሷ የሚወጣበትን መንገድ ፍለጋ ጉዞ ይጀምራል። ያለፈው ሥልጣኔ ርካሽ ዕቃዎች በዚህ ዓለም ቅርስ ሆነዋል፤ የማይክል ጆርዳን ምስል ይሰገድለታል።

ፊልሙ ከካሊፎርኒያና ከሮም ሥራዎች የሚለይበት ነጥብ አለ። በእነዚያ ሰው በመርከቧ ውስጥ ታግቶ ምድርን ይናፍቃል፤ በ«ክራምብስ» ግን አጋቿ ምድር ናት፣ መርከቧ ደግሞ መውጫ ናት። የዘውጉ ዋና ስሜት ማለትም መሄጃ ማጣት ሳይቀየር አቅጣጫው ተገልብጧል። በምጣኔ ሀብቱም በኩል ፊልሙ አንድ እርምጃ ይቀድማል፤ የመንኮራኩር ውስጥ ክፍል መሥራት አላስፈለገውም። የዳሎል ጨዋማና ድኝማ ምድር ባቫ በጭስና በመስታወት ሊፈጥር የደከመበትን ባዕድ ፕላኔት ያለ ወጪ አቅርቦለታል። ፍርሃቱም እንዲሁ ያለ ጎማ ልብስ ይመጣል። በበርዲ ፊት የቦውሊንጉ ማሽን ማንም ሳይነካው መሥራት ሲጀምር የሚሰማው ድንጋጤ በአስፈሪ ፊልሞች ከሚታወቀው ድንጋጤ የተለየ አይደለም።

አንዲ ሲጌ በ2014 ያወጣው «ቤቲ ኤንድ አማሬ» ሌላው ምሳሌ ነው። ጊዜው 1936 ነው፤ ከጣሊያን ወታደሮች ያመለጠች ወጣት በደቡብ ኢትዮጵያ ገጠር ተሸሽጋ ሳለ ከሌላ ዓለም ከመጣ ፍጡር ጋር ትገናኛለች። ፊልሙ እጅግ ጥቂት ገንዘብ የወጣበት ነው። በዚህኛው ከሌላ ዓለም የመጣው ባዕድ ሳይሆን ወራሪው ሰው አስፈሪ ነው፤ በጠፈር ታሪክ ሽፋን የአገሩ እውነተኛ ቁስል ይታያል።

ሁለቱም ፊልሞች የተዘጋጁት ከውጭ በመጡ ዳይሬክተሮች መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በዲጂታል ካሜራ የተስፋፋው የአማርኛ ፊልም በፍቅር፣ በቤተሰብና በአስቂኝ ታሪኮች ላይ አተኩሯል፤ ገንዘቡን ይመልስ የነበረው ከአዳራሽ መግቢያ ስለሆነ ያልተለመደ ዘውግ መሞከር ያስፈራው ነበር። ምክንያቱ የገንዘብ ማነስ ብቻ ነው ማለት ግን ከላይ ከታየው ታሪክ ጋር አይስማማም። ይህ ዘውግ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ለትንሽ ገንዘብ የተፈጠረ ነውና። የጎደለው ለዘውጉ የሚሆን ቦታ ማየት ነው።

ለዚህ ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች፣ አጋሮ፣ ሊሙ ገነትና ሸቤ፣ ከአዲስ አበባ የተሻለ አቅም አላቸው። ከዋና ከተማዋ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው በዚህ አካባቢ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች በወንዝ ዳር፣ ብዙ ጊዜም በደን መካከል ተተክለዋል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወራት የተለቀመው ቀይ እሸት ሳያድር መፈልፈል ስላለበት ማሽኑ በሌሊት ይሠራል። ጄኔሬተር ይጮኻል፤ ጥቂት አምፖሎች ገንዳውን፣ የውኃ ቦዩንና ረድፍ ረድፍ የተዘረጉትን የማድረቂያ አልጋዎች ያበራሉ፤ ከዚያ ውጪ ያለው ጨለማ ደን ነው። እንዲህ ያለ ጣቢያ በባዶ ጠፈር መካከል የቆመች መርከብ ያህል ብቸኛ ነው። ሠራተኞቹም ከልዩ ልዩ ቦታ ለወቅቱ የተሰበሰቡ ናቸው፤ ከአገሬው የኦሮሞ ገበሬ ጋር ከዳውሮና ከከፋ የመጡ ለቃሚዎች ይሠራሉ። የባቫ ተዋንያን በየቋንቋቸው መናገራቸው ለአምራቹ ችግር ነበር፤ በጅማ ግን አፋን ኦሮሞና አማርኛ በአንድ ጣቢያ ውስጥ መቀላቀላቸው የታሪኩ እውነት ይሆናል።

ፍርሃቱም ከአካባቢው ሊወጣ ይችላል። በ1971 በኢትዮጵያ የታየው የቡና ፍሬ በሽታ ገና ያልበሰለውን ፍሬ አጥቁሮ የሚገድል ሻጋታ ነው፤ በመልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን በመምረጥ ሲታገለው ኖሯል። በዓይን ሳይታይ ከማሳ ማሳ የሚሻገር ጠላት ለጸሐፊው አዲስ ፈጠራ አይጠይቀውም። ከመፈልፈያ የሚወጣው ፍሳሽም አለ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳጠኑት ፍሳሹ በብዛት ወደ ወንዝ ሲገባ በውስጡ ያለው ብስባሽ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ያለ አየር መኖር የማይችሉት የወንዝ ነፍሳት ያልቃሉ። ከ1958ቱ ፊልም ጀምሮ የዘውጉ ማዕከል የሆነው የአየር ማለቅ እዚህ በየዓመቱ የሚደርስ ክስተት ነው፤ የጠፈር ታሪክ ለብሶ ቢቀርብ አገሬው ወዲያውኑ ያውቀዋል።

በተግባር በኩል ከባዱ ነገር ድምፅ ነው። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም፤ የጄኔሬተር ጩኸት ደግሞ ንግግርን ይውጣል። ስለዚህ ማሽኑ በሚሠራበት ወቅት የአካባቢውን ድምፅ ብቻ መቅዳት፣ ትዕይንቶቹን ግን ጣቢያው ሥራ ሲፈታ መቅረጽ ይሻላል። ለቀማው ካለቀ በኋላ ባለው ጊዜ ጣቢያዎቹ ባዶ ናቸው፤ ከሰኔ በኋላ ግን ዝናቡ መንገዱን ያከብደዋል። አመቺው ወቅት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ነው፤ የማድረቂያ አልጋዎቹ ባዷቸውን የሚቆሙትና መፈልፈያው ያለ ድምፅ የሚገኘውም ያኔ ነው።