ስምንተኛው ሺህና የሚጠበቀው ንጉሥ

በአገራችን ኑሮ ሲወደድ፣ ልጅ አባቱን ሲዳፈር፣ ሹም ፍርድ ሲያጓድል «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» ይባላል። ከሳንሱሲ ወደ መርካቶ በሚወርድ ታክሲ ውስጥ ይህን ቃል ለመስማት ብዙ መጠበቅ አያሻም። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ስሌት ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት በመሆኑ ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ስምንተኛው ሺህ ከገባ አምስት ምዕት ዓመታት አልፈዋል ማለት ነው።

ዐፄ ናዖድ ያን ዘመን እንዳያዩ ፈጣሪን ይለምኑ እንደነበር ትውፊት ይነግረናል፤ በዚያው በ1500 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ በኢማም አሕመድ ጦር ድል ሆኑ፤ ከዚያም ሲሳደዱ ኖረው በ1532 ዓ.ም. ደብረ ዳሞ ላይ አረፉ። ትንቢቱ ደረሰ ለማለት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚሻ አልነበረም። (ያው ዘመን በዓረብ ፋቂህ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» ውስጥ የድል ዘመን ሆኖ ይነበባል። የዓለም ፍጻሜም እንደ ተራኪው ነው።)

የፍጻሜ ዘመን ድርሰት ከእኛ ዘንድ ባዕድ ሆኖ አያውቅም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ለፖለቲካ ታሪካችን ግን ከሁሉ የሚቀርበው ፍካሬ ኢየሱስ ይመስለኛል። በዚህ መጽሐፍ ጌታ ስለ መጨረሻው ዘመን ለደቀ መዛሙርቱ ሲነግራቸው ክፉ ነገሥታትን፣ ጉቦኛ ዳኞችንና የሳቱ ካህናትን ይቆጥራል፤ ከዚያም ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ ሰላምና ጥጋብ ይሆናል ይላል። የድርሰቱ ማራኪነት ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። የዘመኑን ንጉሥ በስሙ ጠርቶ መውቀስ አንገት የሚያስቆርጥ ሲሆን፣ ወቀሳውን ወደ ትንቢት ለውጦ በጌታ አፍ ማናገር ግን ቅድስና ነው። አንባቢውም ማን እንደ ተነካ ለማወቅ ተርጓሚ አያስፈልገውም።

ተስፋው ሥር የሰደደ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ በአገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ቴዎድሮስ ተመልሶ ሺህ ዓመት ይነግሣል፣ ጦርነትም ይቀራል የሚለውን እምነት መዝግቦታል። ስለዚህ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ሲቀቡ ቴዎድሮስ የሚለውን ስመ መንግሥት መምረጣቸው ያለ ነገር አልነበረም። በዘመነ መሳፍንት የተማረረ ሕዝብ ሲጠብቀው የኖረውን ስም ወሰዱት።

አደጋውም ከዚሁ ይወለዳል። በትንቢት የመጣን ንጉሥ ማን ይጠይቀዋል? የሚቃወመው ሰው የሚቃወመው ፖሊሲውን ሳይሆን የእግዚአብሔርን ቀጠሮ ይሆናል። ዐፄ ቴዎድሮስ አገር ለማቅናት የደከሙትን ድካም የሚክድ የለም። ሆኖም ቀብተው ያነገሧቸው አቡነ ሰላማ በመቅደላ እስረኛ ሆነው ሞቱ፤ ጎንደርም በ1859 ዓ.ም. ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ተዘርፋ ተቃጠለች። ሰላምና ጥጋብ ይመጣል ተብሎ የተጠበቀው ዘመን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በገዛ እጃቸው በተተኮሰ ሽጉጥ አበቃ።

ትንቢቱ ግን አብሯቸው አልተቀበረም። ያኛው ቴዎድሮስ እውነተኛው አልነበረም ተባለና ጥበቃው ቀጠለ። በ2000 ዓ.ም. ሚሊኒየሙ ሲከበር ዓመተ ዓለሙ 7500 ሞላ፤ ወሬው እንደገና ተነሣ። ዛሬ ደግሞ ከብራና ወደ ዩቲዩብ ተሻግሮ የንጉሡን መምጫ የሚነግሩን ባለ ራእዮች በርክተዋል። ቀኑ ሲያልፍባቸው ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ይለውጡታል።