በመተማ ቆላ የምጥ ልማድና ሕብለ ሰረሰር

መተማ ዮሐንስ በታሪክ መጻሕፍት ዘወትር የምትነሣው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር በተደረገው ጦርነት ቆስለው ስላረፉባት ቢሆንም፣ ከጦርነቱ በፊትም ሆነ በኋላ የድንበር ገበያ ነበረች፤ ስለዚህም የደጋው አማራ፣ የቆላው ጉሙዝ፣ ከምዕራብ አፍሪካ በሐጅ መንገድ መጥቶ የሰፈረው ተክሩርና የሱዳኑ ነጋዴ ሲገናኙባት፣ ከሸቀጣቸው ጋር የየራሳቸውን የወሊድ ሥርዓትም ይዘው ነበር።

በአማራው ዘንድ ምጥ የያዛት ሴት ብቻዋን አትተውም፤ የልምድ አዋላጇ ሆዷንና ወገቧን በቅቤ ስታሽ ጎረቤቶቿ «ማርያም ማርያም» እያሉ ይማጸናሉ፣ እርሷም ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ ከኋላዋ ያለችውን ሴት ትደገፋለች። በጉሙዝ ልማድ ግን የወሊድ ደም በቤት ውስጥ መፍሰስ ስለሌለበት ነፍሰ ጡሯ ወደ ጫካ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ወጥታ ብዙ ጊዜ ያለ ረዳት ትወልድ ነበር። ከድንበሩ ማዶ ካለችው ከገላባት ባሻገር በሰሜን ሱዳን ወላዷ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ገመድ ጨብጣ ታምጥ ስለነበር ነባሮቹ አዋላጆች በገመዱ ስም ይጠሩ ነበር፤ ማቤል ዎልፍ የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1921 በኦምዱርማን የአዋላጆች ትምህርት ቤት ስትከፍት ልትተካቸው ያሰበችው እነርሱን ነው።

የልምድ አዋላጆች በእጃቸው የሚያውቁትን፣ ሳይንስ በስም የለየው ዘግይቶ ነው። ሄንሪ ዴል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1906 ከአንጎል ሥር ከምትገኘው ፒቱታሪ ዕጢ የተቀመመ ጭማቂ የድመትን ማሕፀን እንደሚያኮማትር አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ ፈርጉሰን የተባለ ሌላ ተመራማሪ የማሕፀን በር ሲለጠጥ ስሜቱ በነርቮችና በሕብለ ሰረሰር፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንት ውስጥ በሚያልፈው የነርቭ ገመድ፣ ወደ አንጎል እንደሚወጣ፣ አንጎልም በምላሹ ከዚያችው ዕጢ ኦክሲቶሲን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም እንደሚያስለቅቅና ምጡ ራሱን በራሱ እያጠነከረ እንደሚሄድ ገለጸ። የማሕፀኑ ሕመም ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚገባው በታችኛው የደረትና በላይኛው የወገብ ክፍል ሲሆን፣ ሕፃኑ ሊወጣ ሲቃረብ የሚሰማው ደግሞ ከወገብ በታች ባለው ክፍል ነው፤ ወገብን ማሸት የሚያስታግሰው የንክኪው ስሜት በዚያው በሕብለ ሰረሰር የሕመሙን መልእክት ስለሚያዳክመው ነው ተብሎ ይታመናል። ፍርሃት የሚያመነጨው አድሬናሊንም ምጥን ሊያዘገይ ስለሚችል፣ የጎረቤት ድምፅና የታወቀ እጅ ከማጽናናት ያለፈ ሥራ ነበራቸው።

ይህን አይቶ የጥንቱን ልማድ በሙሉ ማወደስ ግን ስሕተት ነው። ጎልትዝ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1874 ሕብለ ሰረሰሯ የተቆረጠ ውሻ አርግዛ እንደወለደች በመዘገቡ፣ ማሕፀን ያለ አንጎል ትእዛዝም መኮማተር እንደሚችል ታውቋል፤ ይህ ኃይል ግን የሕፃኑ ጭንቅላት በጠባብ ዳሌ ውስጥ ሲቀረቀር ጠላት ይሆናል። ምጡ ቀናት ሲፈጅ ጭንቅላቱ የሽንት ፊኛን ጨፍልቆ ፊስቱላን፣ ማለትም ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈስበትን ቀዳዳ፣ ያስከትላል፤ ከሕብለ ሰረሰር ወጥተው በዳሌ በኩል ወደ እግር የሚወርዱትን ነርቮችም ሲጫን ሴትዮዋ ስትራመድ የእግሯን ጫፍ ወደ ላይ ማንሣት ተስኗት እየጎተተች ትሄዳለች። ቅቤውም ልመናውም ገመዱም ለዚህ መፍትሔ አልነበራቸውም።

መፍትሔው ወደ ቆላው የደረሰው በዝግታ ነው። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ለገጠር የሚሆኑ የጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ፤ ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የባሕር ዳሩ የፊስቱላ ማእከል ሲከፈት መተማ የምትገኝበት የምዕራብ ጎንደር ታካሚ እስከ አዲስ አበባ መጓዟ ቀረላት። የተጎዳው የእግር ነርቭ በብዙዎቹ ላይ በአካል እንቅስቃሴ ሕክምና በወራት ውስጥ ይሻሻላል፤ ፊስቱላው ግን በአብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና አይድንም።