አሜሪካ የሠራተኞቿን ኪስ ለምን ትፈትሻለች?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 1985 አንድ የሲ.አይ.ኤ. ሹም ዋሽንግተን ወደሚገኘው የሶቪየት ኅብረት ኤምባሲ ገባ። አልድሪች ኤምስ ይባላል። ሥራው የሶቪየት ሰላዮችን መከታተል ነበር፤ ያን ቀን ግን የመጣው ምስጢር ሊሸጥ ነው። ያሸፈተው ርዕዮተ ዓለም አልነበረም። ፍቺና ከአቅም በላይ የሆነ ኑሮ ዕዳ ውስጥ ከተውት ነበር። 50,000 ዶላር ጠየቀ፤ ተከፈለው።

የመጀመሪያው ግን እሱ አይደለም። በጃንዋሪ 1980 ሮናልድ ፔልተን የተባለ የብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ (ኤን.ኤስ.ኤ.) የቀድሞ ሠራተኛ፣ ኪሳራ አውጆ ሥራውን በለቀቀ በወራት ውስጥ፣ ሶቪየቶችን አነጋግሯል። አሜሪካኖች በኦክሆትስክ ባሕር ሥር የተዘረጋውን የሶቪየት የመገናኛ ኬብል እንደሚጠልፉ ነገራቸው። ያን የሚያህል ምስጢር የተሸጠው በ35,000 ዶላር ገደማ ነው።

የኤምስ ጦስ ከዚህም ከፋ። ለአሜሪካ በምስጢር ይሠሩ የነበሩ ቢያንስ አሥር ሰዎች በእሱ ጥቆማ ተገደሉ። እሱ ግን ዓመታዊ ደመወዙ 70,000 ዶላር ሳይሞላ የ540,000 ዶላር ቤት በጥሬ ገንዘብ ገዛ፤ በጃጓር መኪና ሥራ ይገባ ጀመር። ገንዘቡ ከየት መጣ ሲባል፣ የሚስቱ ቤተሰቦች ሀብታም እንደሆኑ ያወራ ነበር። በ1986 እና በ1991 የውሸት መመርመሪያ ፈተና ተሰጥቶት ሁለቱንም አለፈ። የተያዘው በፌብሩዋሪ 1994 ነው።

ፕሬዚዳንት ክሊንተን በኦገስት 1995 ትእዛዝ ቁጥር 12968ን ያወጡት ከዚህ በኋላ ነው። እጅግ ጥብቅ ምስጢር የሚያዩ ሠራተኞች የገንዘብ ሁኔታቸውን እንዲያሳውቁ ተደነገገ። ዛሬ የምስጢር ሥራ ፈቃድ፣ ማለትም ሴኩሪቲ ክሊራንስ፣ የሚሰጠው በ13 መመዘኛዎች ነው፤ አንዱ ገንዘብ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። መመሪያው ባለዕዳን ሁሉ ከሃዲ አያደርግም። ከሥራ መፈናቀል፣ ሕመም ወይም ፍቺ ያመጣው ዕዳ፣ ባለዕዳው ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ በቅንነት እየከፈለ ከሆነ፣ ሊታለፍለት ይችላል። ጣጣ የሚያመጣው እየቻሉ አለመክፈል፣ የግብር ሂሳብ አለማቅረብ፣ የቁማር ዕዳ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን መደበቅ ነው። ፎርሙ ላይ «ዕዳ የለብኝም» ብሎ የፈረመ ሰው፣ ክሬዲት ሪፖርቱ ሌላ ሲናገር፣ ጥያቄው ከገንዘብ ወደ ታማኝነት ይዞራል።

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለመንግሥት ተቋራጮች የሚሠሩ፣ ወይም ጦሩን የተቀላቀሉ ኢትዮጵያውያንም ይህን ፎርም ይሞላሉ። በሐበሻ ቤት ዕዳ ገመና ነው፤ ይሸፈናል። ለዘመድ መኪና ተፈርሞ ሳይከፈል የቀረ ብድር ሳይቀር በዝምታ ይታለፋል። መርማሪው ፊት ግን ያ ዝምታ ከዕዳው በላይ ያስጠይቃል።

የኤምስ ዕዳ ከሶቪየቶች ደጅ አደረሰው፤ ዘጠኝ ዓመት ያቆየው ግን ውሸቱ ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህም ይሠራል።