ሐኒሽ፦ የትናንት ጠላት ለምስክርነት ሲጠራ

በታኅሣሥ 1988 ዓ.ም. ኤርትራና የመን በደቡባዊ ቀይ ባሕር በሐኒሽ ደሴቶች ሳቢያ ለሦስት ቀናት ተዋጉ። ደሴቶቹ እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው፣ ቋሚ ነዋሪ የሌላቸው፣ ዓሣ አጥማጆች የሚያርፉባቸው ጠፍ መሬት ናቸው።

ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኝነት ሲሄድ አስመራ ያቀረበችው የባለቤትነት ሐረግ ከጣሊያን ተነሥቶ በኢትዮጵያ በኩል የሚያልፍ ነበር። ኤርትራውያን ሠላሳ ዓመት የታገሉት መንግሥት የባሕር ኃይሉ በአካባቢው ያደረገው ቅኝት አሁን የኤርትራ ማስረጃ ሆነ። የመን በበኩሏ የኢማሞቿን ጥንታዊ ይዞታ ጠቀሰች።

ዳኞቹ መስከረም 29 ቀን 1991 ዓ.ም. ሲፈርዱ የሁለቱም የጥንት ታሪክ አላረካቸውም። ይበልጥ የመዘኑት በቅርብ ዓመታት በደሴቶቹ ላይ ማን ምን እንደሠራ ነው። ሐኒሽና ዙቀር ለየመን፣ ለኤርትራ ጠረፍ የቀረቡት የሞሐባካ ደሴቶች ለኤርትራ ሆኑ። የሁለቱም አገር ዓሣ አጥማጆች ግን እንደ ልማዳቸው እንዲያጠምዱ ተወሰነ።

አስመራ ፍርዱን ተቀብላ ሐኒሽን አስረከበች። ፍርዱ ሲነበብ ከኢትዮጵያ ጋር በባድመ ጦርነት ከከፈተች አምስት ወር ሆኗት ነበር። በባሕር የኢትዮጵያ ወራሽ ነኝ ያለችው አገር በየብስ ከኢትዮጵያ ጋር ወሰን ትዋጋ ነበር። ውርስ እንዲህ ነው፤ ከጠላትም ይመጣል።