የማይነሳ ኮምፒውተርና የመጋጠሚያው ታሪክ

ጌዶ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ከአምቦ ወደ ነቀምቴ የሚወርደው አውራ ጎዳና ያልፍባታል፤ ወደ ሰሜን የሚታጠፈው ደግሞ በ1973 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሥራ ወደ ጀመረው የፊንጫ ኃይል ማመንጫ ይወስዳል። እንዲህ ባለ ከተማ አዲስ የተገጣጠመ ኮምፒውተር ቁልፉ ተጭኖ ዝም ሲል «መብራቱ ነው» ወይም «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ማለት ይቀላል። የማሽኑ ታሪክ የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው፦ አንድ ቀን እንኳ ሠርቶ የማያውቅ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ የሚታመመው ዕቃና ዕቃ በሚገናኙበት ቦታ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከ1981 ነው። አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን ሲያወጣ አንጎሉን ከኢንቴል፣ ሥርዓተ ክወናውን ከማይክሮሶፍት ወሰደ፤ ሌሎችም አስመስለው ለመሥራት ጊዜ አልፈጀባቸውም። በዚህ የተነሳ ከልዩ ልዩ ፋብሪካ የወጣ ዕቃ ሰብስቦ መግጠም የማንም ሙያ ሆነ፤ ስሕተቱም አብሮ ወደ ገጣጣሚው እጅ ተሻገረ። በዚያ ዘመን ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄዱት ሁለት መሰኪያዎች መልካቸው አንድ ዓይነት ነበር። የሁለቱም ጥቁር ገመዶች መሐል ላይ ጎን ለጎን መዋል አለባቸው፤ ከተለዋወጡ ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል። በ1995 የመጣው ኤቲኤክስ የተባለ ደረጃ ሁለቱን በአንድ፣ ተገልብጦ በማይገባ መሰኪያ ተካቸው። በ2000 ደግሞ ለፕሮሰሰሩ ብቻ የሚሆን ባለአራት ገመድ መሰኪያ ተጨመረና አዲስ የሚረሳ ነገር ተፈጠረ፦ እሱ ሳይሰካ ሲቀር ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ደረጃ አውጪዎቹ ራሳቸው ደጋግመው ያረሙት መጋጠሚያውን መሆኑ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ነው።

«እኛ ዘንድ እኮ ገዳዩ መብራት ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው፤ እየመጣ የሚሄድ መብራት ሲሠራ የኖረን ማሽን ይጎዳል። ገና ያልተነሳው ላይ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት በአሮጌ ፓወር ሰፕላይ ጀርባ ያለችው ቀይ ማብሪያ ናት። 115 ላይ እንደቆመች ፓወር ሰፕላዩ በእኛ 220 ቮልት ከተሰካ በድምፅ ሊፈነዳ ይችላል። መብራቱ አላጠፋም፤ የአሜሪካና የእኛ ልማድ ሳይግባቡ ተጋጠሙ እንጂ። ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፦ ወደ ትናንሽ ከተሞች የሚመጣው ተገጣጥሞ የታሸገ ማሽን ነው፣ ስለዚህ የመገጣጠም ታሪክ የእኛ አይደለም ይላል። ሆኖም ራም የተቀየረለት፣ ቦርዱ ከሌላ የመጣ ማሽን ሁሉ ዳግም የተገጣጠመ ነው፤ የታሸገውም ረጅም መንገድ ተንገጫግጮ ሲደርስ ራሙ ከቦታው ትንሽ ተነስቶ ሊገኝ ይችላል።

ከዚህ የሚወጣው የአሠራር ሥርዓት ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ከባድ አይደለም። ሃርድ ዲስኩና ትርፍ ካርዱ ሁሉ ይነቀላሉ፤ ቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩ ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራምና ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ይቀራሉ። የራሙ ጥርስ በላጲስ ይጠራል፣ በደንብ እስኪቆልፍ ይጫናል። ከዚያ አንድ በአንድ እየተጨመረ ይሞከራል፤ ሁለት በአንዴ የጨመረ የትኛው እንዳሰናከለው አያውቅም። ከ1981 ጀምሮ ማሽኑ ሲነሳ ራሱን ይፈትሻል፣ ጥፋት ሲያገኝም በጩኸት ይናገራል፤ ዛሬ በብዙ ቦርዶች ላይ ጩኸቱን ትናንሽ መብራቶች ተክተውታል። የፕሮሰሰሩ መብራት ሲበራ ግን ፕሮሰሰሩ ይሙት፣ ባለአራት ገመዱ መሰኪያ ይረሳ፣ አይለይም፤ ክዳኑ ተከፍቶ በዓይን መታየት አለበት።