ተፎካካሪ ዘበኞች ሲደዋወሉ

ሁለት የግል ጥበቃ ኩባንያዎች እርስ በርስ የሚተያዩት ፊት ለፊት እንደተከፈቱ ሁለት ሱቆች ነው። አንዱ የሚያውቀውን ለሌላው አይነግርም፤ ነገ ጨረታ ላይ ይገናኛሉና። ቢነግረውም ያኛው አያምነውም። ይህ አለመተማመን ሕይወት ሲያስከፍል የታየው ኢራቅ ውስጥ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ማርች 31 ቀን 2004 የወጥ ቤት ዕቃ ለመጫን የሚሄዱ መኪናዎችን ያጅቡ የነበሩ 4 የብላክዋተር ሰዎች ፋሉጃ ውስጥ ተገደሉ። የሁለቱ አስከሬን ድልድይ ላይ መሰቀሉን ዓለም በቴሌቪዥን አየው። ብዙም ያልተወራለት በ2007 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ያወጣው ሪፖርት ነው። ከብላክዋተር በፊት ያንኑ ሥራ ይዞ የነበረው የእንግሊዙ ኮንትሮል ሪስክስ፣ መንገዱ አደገኛ ነው ብሎ ሁለት ጊዜ አልሄድም ማለቱን ሪፖርቱ ይናገራል። ማስጠንቀቂያው ለተተኪው ደርሶታል። ተተኪው ግን ከተለመደው የአጃቢ ቁጥር ሁለት ሰው ቀንሶ ላከ።

ሳምንት ሳይሞላ አገሩ ተቀጣጠለ። አፕሪል 4 ናጃፍ ውስጥ የብላክዋተር ጠባቂዎች ሲከበቡ ጥይት ያደረሰላቸው የኩባንያቸው ሄሊኮፕተር ነበር። ኩት ከተማ ላይ የሃርት ኩባንያ ጠባቂዎች ቤታቸው ውስጥ ተከበው ጦሩን ቢጣሩ የሚደርስላቸው ጠፋ፤ አንዱ ሞተ። ልብ በሉ፣ ጠባቂ ጠባቂ ያጣበት ጊዜ ነው! ተፎካካሪዎቹ መደዋወል የጀመሩት ያኔ ነው። መረጃ ተለዋወጡ፣ አንዱ ሲከበብ ሌላው እንዲደርስለት ተነጋገሩ። ውል የለ፣ ማኅተም የለ፤ ፍርሃት ብቻ።

በሜይ 2004 ፔንታጎን ነገሩን መልክ ለማስያዝ ኤጂስ ለተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ የ293 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ሰጠ። ኤጂስ ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ የማስተባበሪያ ማዕከል ነበር፤ የኩባንያዎቹን መኪናዎች እየተከታተለ ከጦሩ ጋር ያገናኛል። መግባት በፈቃደኝነት ነው። እንግዲህ አስቡት፣ የራስህን መኪና መንገድ ለተወዳዳሪህ ማሳየት! በጨረታው የተሸነፈው ዳይንኮርፕ አቤት ብሎ ነበር፤ አልተሳካለትም። ማዕከሉ ግን አስፈላጊ ነበር። ከጃንዋሪ እስከ ሜይ 2005 ባለው ጊዜ ብቻ ወታደሮች በስህተት የጥበቃ መኪናዎች ላይ የተኮሱባቸው 20 አጋጣሚዎች ተመዝግበዋል።

ትብብሩ ጉድለት ነበረበት፤ እኔ እንደማየው ትልቁ ጉድለት መኪናው ውስጥ ያለውን እንጂ መንገድ ዳር የቆመውን ኢራቃዊ አለማሰቡ ነው። ሴፕቴምበር 16 ቀን 2007 ኒሱር አደባባይ ላይ የብላክዋተር ጠባቂዎች ተኩሰው 17 ኢራቃውያንን ገደሉ። ችግሩ የስልክ ወይም የካርታ አልነበረም። ሌሎቹ ኩባንያዎች ጓደኛቸውን የሚጠይቁበት ምንም መንገድ አልነበራቸውም።

በኖቬምበር 2010 ጄኔቫ ላይ 58 ኩባንያዎች የጋራ የሥነ ምግባር ደንብ ፈረሙ። ፊርማ ርካሽ ነው ያሉ ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው። በ2013 ግን ደንቡን የሚከታተል ማኅበር ተቋቋመ። ከ12ቱ የቦርድ ወንበሮች የኩባንያዎቹ 4 ብቻ ናቸው፤ 4ቱ የመንግሥታት፣ 4ቱ የሲቪክ ማኅበራት። ስዊዘርላንድ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ከአገሯ ተነስተው ውጭ የሚሠሩ የጥበቃ ኩባንያዎች ደንቡን እንዲቀበሉ በሕግ አስገድዳለች።